የሞንታርቦ ጸሎት

ሰፈሩ በድምፅ ማጉያው ስም «ሞንታርቦ» ይለዋል። በወጣትነቱ ቤት ቀቢ ነበር፤ ከዚያ ሙያ ዛሬ የቀረው አንድ ባዶ የቀለም ባልዲ ነው። በየማለዳው ከልብስ ሰፊዋ ሱቅ ማዶ ባልዲውን ይደፋና ይወጣበታል፤ ባርኔጣውን ያወልቅና የመንደሩን ችግር ወደ ሰማይ ይጮኻል። የማን ኩላሊት እንደታመመ፣ የማን ባል ውጭ እንዳደረ ያልሰማ ካለ ከእሱ ይሰማል።

«አባባ፣ ፈጣሪ እኮ ደንቆሮ አይደለም!» ይሉታል ታክሲ የሚጠብቁት።

«እሱስ አይደለም። ግን ስንቱ ነው ባንዴ የሚያወራው!»

ይስቃሉ። እሱ አይስቅም። ሴት ልጁ ሆስፒታል የተኛች ጊዜ ነርሷ «በሽተኛ ትረብሻለህ» ብላ ስለተቆጣችው ጸሎቱን በልቡ አደረሰ። በማግስቱ ልጅቷ አረፈች። ሰው መከራ ሲያገኘው ከመከራው ይልቅ ምክንያቱን ሙጥኝ ይላል፤ እሱም «አልጮኽኩም፣ አልተሰማሁም» አለና ከዚያ ወዲህ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አያውቅም።

አፈሳው የተጀመረ ሰሞን፣ ወታደሮች ከየቤቱ ጎረምሳ እየለቀሙ ወደ ጦር ግንባር ሲጭኑ፣ ልብስ ሰፊዋ እንደ ወትሮዋ ዳቦና ሻይ ይዛለት መጣች።

«ወንድሜ፣ ልጄን ከጣቃው ጨርቅ ኋላ ደብቄዋለሁ። ትኩሳት ይዞታል፤ ሐኪም ቤት እንዳልወስደው ያፍሱብኛል። ጸልይለት። ግን በሆድህ! በሞቴ!»

«በሆዴ?»

«በሆድህ። ሰው ከሰማ አለቀልኝ።»

ማለላት። ባልዲው ላይ ወጥቶ ከንፈሩን ብቻ ማንቀሳቀስ ጀመረ።

«ባትሪ ጨረስክ እንዴ አባባ?» አሉት።

ቻለው። በማግስቱም ቻለው። ከዚያ ግን ከሱቁ ውስጥ ሳል ሰማ፤ ደረቅ፣ ፋታ የማይሰጥ፣ የሴት ልጁን የመሰለ ሳል። ልብስ ሰፊዋ በር ላይ ብቅ ስትል በዓይኑ ጠየቃት። ራሷን ነቀነቀች፤ ብሶበታል። እንደገና ዝም ብሎ የሰው ልጅ ያስገድል?

«አምላኬ!» ብሎ ሲጮኽ ራሱም ደነገጠ፤ አፉ ግን አልመለስ አለው። «የልብስ ሰፊዋን ልጅ ማርልኝ! ከጣቃው ኋላ የተኛውን! ስማኝ፣ ከጣቃው ኋላ!»

ታክሲ ጠባቂዎቹ አንገታቸውን ደፉ። ከመሃላቸው አንዱ ሰልፉን ትቶ ወደ ወታደሮቹ መኪና አቀና።

ከቀትር በኋላ ልጁን በብርድ ልብስ እንደተጠቀለለ ጭነውት ሄዱ። እናቱ መኪናውን ተከትላ ሮጠች፤ ከመታጠፊያው ላይ ጫማዋን በእጇ ይዛ ተመለሰች።

ሞንታርቦ እርግማን ጠበቀ፣ ድንጋይ ጠበቀ። በነጋታው ልብስ ሰፊዋ ዳቦና ሻይዋን ይዛ መንገዱን ተሻገረች።

«ብላ።»

«እህቴ፣ እኔ እኮ...»

«ብላ ነው የምልህ። አፍህን እያወቅሁ የነገርኩህ እኔ ነኝ።»

ብርጭቆውን ተቀበላት። ለልጁ ሊጸልይ ፈለገ፤ ጮኾ ነው ወይስ በልቡ ጸልዮ የሚያተርፈው፣ ግራ ገባው። ሻዩ እጁ ላይ ቀዘቀዘ። እሷ ብርጭቆዋን እስኪመልስላት ቆማ ትጠብቀዋለች።