ሁሉም «አፉ በይኝ» ያሉኝ ሰሞን

እብጠቷን መጀመሪያ ያገኘኋት በጣቴ ነው። ለጠዋት ፈረቃ ልወጣ ሂጃቤን ሳስተካክል፣ ከግራ አንገቴ ሥር ሽምብራ የምታክል ነገር ሸሸት አለች። አታምም። ከወር በኋላ ባቄላ አከለች። ሌሊት ልብሴ እስኪጨመቅ ያልበኝ ነበር፤ ግን ድሬ ላይ «አላበኝ» ብሎ ሐኪም ቤት የሚሄድ ማን አለ? ሙቀቱ ነው አልኩ። ቀሚሴ ሲሰፋኝም ሙቀቱ ነው አልኩ። እናንተ እንዲህ አትበሉ።

ሥራዬ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ፣ ልብስ ፋብሪካ ነው። ስፌቱ የሳተ ልብስ ሳገኝ ቀይ ምልክት ለጥፌ ለሰፋችው ልጅ እመልሳለሁ። የጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ፤ የራሴን እብጠት ግን አራት ወር አሳለፍኩት።

ሆስፒታል በመጀመሪያ በመርፌ ናሙና ወሰዱ። ያ አልበቃ ሲል ቆርጠው ለባዮፕሲ ላኩት። ውጤቱ የደረሰ ቀን ከባለቤቴ ከጀማል ጋር ኮሪደር ላይ ስንጠብቅ በሩ ተከፈተ።

«የፋጡማ አስታማሚ ይግባ።»

ጀማል ገባ። እኔ ቀረሁ። በእኛ ዘንድ ክፉ ውጤት ለዘመድ እንጂ ለታማሚ አይነገርም። እኔ ራሴ ለእናቴ እንዲሁ አድርጌያለሁ። ከፊት ለፊቴ የታካሚዎችን መብት የሚዘረዝር ወረቀት ተለጥፎ ነበር። ታካሚ ስለ ሕመሙ የማወቅ መብት አለው ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጀማል ሲወጣ ፈገግ ብሏል፤ ፊቱ ግን አመድ መስሏል። «ኢንፌክሽን ነው፣ በመድኃኒት ይጠፋል አሉ» አለኝ። አመንኩት። ማመን ፈልጌ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቴ የሌላ ሰው ቤት ሆነብኝ። ስገባ ወሬ ይቋረጣል። ሳቢያን ሰፈራችን የሚወድህ ሰው ሳይሰድብህ አያልፍም፤ «አንቺ ቀጫጫ» የሚለኝ ጠፋ። ባለሱቁ እንኳ ሲያየኝ ዓይኑን ወደ ሚዛኑ ይመልሳል። ከዚያ ሰዎች በየተራ መምጣት ጀመሩ። የፋብሪካ ጓደኞቼ። የጀማል አክስት። መጋላ ገበያ ጨርቅ የምትሸጥልኝ ሴትዮ። ተቀምጠው ፊቴን ያጠኑታል። ሲነሡ እጄን ይዘው «አፉ በይኝ» ይላሉ። ምን በድላችሁኝ ነው ይቅር የምላችሁ? «እንዲያው ነው፣ የሰው ልጅ ነን» ይላሉ። እንዲህ አፉ በለኝ የሚባለው ሐጅ የሚሄድ ሰው ነው፤ አለዚያም የማይመለስ። እኔ ሐጅ አልሄድም ነበር።

አንድ ቀን ቀትር ላይ ከእንቅልፌ ስነቃ ሳሎን ውስጥ ያሲን፣ ለሚያጣጥርና ለሞተ ሰው የሚቀራው የቁርኣን ምዕራፍ፣ ሲቀራ ሰማሁ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገዋል። ከዚያ ዱዓ ሆነ። መሐሉ ላይ ስሜ ተጠራ። ጣቴን አንገቴ ላይ አሳረፍኩ። የደም ሥሬ ይመታል። መሞቴንም ቢሆን የሚነግረኝ ስለሌለ ጣቴን አላነሣሁም። እናቴ በመጨረሻዋ ሰሞን «ሰው ሁሉ ለምን ደግ ሆነብኝ?» ትለኝ እንደነበር ያን ጊዜ ትዝ አለኝ።

በማግስቱ አልማዝ መጣች። የግድግዳ ጎረቤቴ ናት፤ በውኃ መውረጃ ቦይ ተጣልተን ሰባት ዓመት ተኳርፈናል። አልጋዬ ሥር ተንበረከከች።

«ፋጡማ፣ አፉ በይኝ። ቂም ይዘሽብኝ እንዳትሄጂ።»

«ወዴት ነው የምሄደው?»

ቀና ብላ አየችኝ። «አቦ፣ አልነገሩሽም እንዴ?» አለችና አፏን በነጠላዋ ያዘች። እየሮጠች ወጣች።

ጀማል በጠዋት ሥራ ሲሄድ ባጃጅ ይዤ ብቻዬን ሆስፒታል ሄድኩ። ሐኪሟ ካርዴን አየች። እኔን አየች።

«ሐረር አልሄድሽም?»

«ለምን እሄዳለሁ?»

ከዚያ ወንበሯን ወደ እኔ አስጠጋች። «ሆጅኪን ሊምፎማ ነው። የሊምፍ ዕጢ ካንሰር። ግን በኬሞቴራፒ ብዙ ጊዜ ከሚድኑት ነው። ሪፈር ጽፌልሽ ነበር፤ ቀጠሮሽ ካለፈ ሦስት ሳምንት ሆነው። ከዚህ በላይ መቆየት የለብሽም።» ቆየት ብላ፣ «መናገር የነበረብኝ ለአንቺ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች።

ካንሰር። ፈራሁ። አለቀስኩ። ከዚያ «መቼ ልሂድ?» አልኳት።

ጀማልን ከሥራ ሲመለስ በር ላይ ጠበቅሁት። ሪፈሩን ከሸሚዙ የደረት ኪስ አወጣው። በላብ ርሶ እጥፋቱ ሊበጠስ ደርሷል። «ካንሰር ካሉኝ በኋላ ያለውን አልሰማሁም» አለ። «ብነግርሽ በድንጋጤ ትሞቺብኛለሽ ብዬ ነው።» ከእህቱ በቀር ለማንም አልተናገረም፤ እህቱም ለአንድ ሰው ብቻ ነው የነገረችው። ተናደድኩበት። አሁንም አንዳንዴ እናደድበታለሁ፤ እንደሚወደኝ ግን አልጠፋኝም።

በዚያው ሳምንት ኬሞው ተጀመረ። በየሁለት ሳምንቱ ፀሐይ ሳትበረታ ወደ ሐረር በሚኒባስ የደንገጎን ዳገት እየወጣን፣ ጀማል ፈቃድ ሲያጣ አልማዝ ፌስታልና ሎሚ ይዛ ከጎኔ እየተቀመጠች፣ ጸጉሬ አልቆ ምላሴ ብረት ብረት እያለኝ፣ ኋላም ቀስ በቀስ ምግቡ መጣፈጥ ጀምሮልኝ፣ እንዲህ እንዲህ እያልን ስድስት ወር አለፈ። የመጨረሻው ሲቲ ስካን ውጤት ቀን «አስታማሚ ይግባ» ሲሉ ቀድሜ ተነሣሁ። «ታማሚዋ ትገባለች፤ አስታማሚው ከፈለገ ይከተል» አልኩ። የሐረሩ ሐኪም ዓይን ዓይኔን እያየ «አሁን የሚታይ በሽታ የለም፤ ክትትሉን ግን እንዳታቋርጪ» አለኝ። ጀማል ከኋላዬ ቆሞ ይንሰቀሰቅ ነበር።

አልሐምዱሊላህ። ላከሙኝ ሁሉ፣ ጥፋቷን ላመነችው ሐኪም በተለይ፣ ምስጋናዬ ብዙ ነው። እናንተ ኮሪደር ላይ የተቀመጣችሁ፣ ውጤታችሁ ሲነገር ከክፍሉ አትቅሩ። ያልገባችሁን ቃል አስጽፉ፣ ቀጠሮውን በእጃችሁ ያዙ። መስማት አልፈልግም ማለትም መብታችሁ ነው፤ ሌላ ሰው ግን አይወስንላችሁ። አስታማሚዎች ሆይ፣ የልብስን ጉድለት እንኳ ለሰፋችው ሳንነግር አናስተካክልም። እኔ ለእናቴ ሳልነግራት ሄደችብኝ፤ አፉ በይኝ ልላት የሚገባኝ እኔ ነበርኩ።

አልማዝ ባለፈው ሳምንት ቦዩን እንደገና ዘጋችው። ወጥቼ ጮኽኩባት። «አንቺ ቀጫጫ፣ ዳንሽና ልታሳብጂን ነው!» ብላ መለሰችልኝ፤ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። በሩን ተደግፌ ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ። ስለ ቦዩ እስካሁን አፉ በይኝ አላለችም። እንዳትለኝ!