ከይሪያ ሲፎን የፈታች ቀን

ሙባረክ ዕድሜውን በቧንቧ ሥራ የፈጀ ሰው ነው። ቤቱ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ሆኖ ብዙ ሥራው ኮምቦልቻ ነበር፤ ጠዋት ይወርዳል፣ ማታ በጉም ውስጥ ይመለሳል። ቤቱን ሲሠራ የእጅ መታጠቢያውን ከተለመደው ዝቅ አድርጎ ነው ግድግዳው ላይ የሰቀለው። ሚስቱ ከይሪያ አጭር ናት፤ ለሶላት ዉዱ ስታደርግ ውሃው በክርኗ እየወረደ ቀሚሷን እንዳያበሰብስባት ብሎ ነው። እሱ ራሱ ፊቱን ሊታጠብ ሲል ወገቡን ማጠፍ አለበት።

ባለፈው ዓመት ስትሮክ መታው። ቀኝ እጁ ዛለ፣ ምላሱ ተሳሰረ። እግሩ ቀስ በቀስ ተመለሰለትና በከዘራ መሄድ ቻለ። ንግግሩ ግን እየተጎተተ፣ እየተቆራረጠ ስለሚወጣ አፈረበት። ጠያቂ ሲመጣ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ከከይሪያ ጋር እንኳ በምልክት ብቻ መግባባት ያዘ። ሐኪሙ "ያውራ፤ እየከበደውም ቢሆን ያውራ" ብሏት ነበርና ያልሞከረችው የለም። ትቀልዳለች፣ ትቆጣለች፣ እንዲያርማት ብላ አውቃ ወሬ ታዛባለች። ሙባረክ ዝም።

አንድ ጠዋት የመታጠቢያው ውሃ አልወርድ አለ። ከይሪያ የፈላ ውሃ ደፋችበት፤ ባሰበት። ጎረቤታቸውን ገበየሁን ልትጠራ አሰበችና ተወችው። የቧንቧ ሠራተኛ ቤት ሌላ ሰው ገብቶ ሲፈታ ሲያይ ሙባረክ ምን ይሰማዋል? የእሱን የመሣሪያ ቦርሳ አውጥታ፣ ከመታጠቢያው ሥር ባልዲ አስቀምጣ ተንበረከከች። ሙባረክ በሩ ላይ፣ ዱካ ላይ ተቀምጦ ያያታል።

ከሥር ውሃ የምትይዘውን ኩባያ መሳይ ሲፎን እፈታለሁ ብላ ስትታገል ለካ እያጠበቀችው ኖሯል። ሙባረክ ግራ እጁን በአየር ላይ ወደ ሌላው በኩል አዞረላት። ገባት። ሲፎኑ ሲወልቅ ጥቁር ውሃ ባልዲው ውስጥ ተዘረገፈ፤ ከውሃው ጋር በሳሙና የተለወሰ የነጭ ፀጉር ጉንጉን ወጣ።

"ጢምህ ነው" አለችው። ከታመመ ጀምሮ እዚያው መታጠቢያ ላይ የምትላጨው እሷ ናት። "እኔ ስላጭህ አንተ ቤቴን ትደፍናለህ።"

የሙባረክ ከንፈር ፈገግ ለማለት ቃጣው። ይህን አይታ ደስ ሲላት ተነሣችና ባልዲውን ብድግ አድርጋ፣ ምንም ሳታስብ፣ ውሃውን መልሳ መታጠቢያው ውስጥ ልትደፋው አዘነበለች። ከሥር ሲፎን የለም።

"አትድፊው" አለ ሙባረክ።

ጥርት ብሎ ነው የወጣው። ግን ዘገየ፤ ውሃው በቀዳዳው አልፎ እግሯንና ወለሉን አጥለቀለቀው። ከይሪያ የረጠበ ቀሚሷን እንደያዘች ዞራ አየችው።

"ምን አልክ?"

"አት... ድፊው አልኩሽ።"

"እስቲ ድገመው።"

"ከደፋሽው በኋላ... ምን... ይደገማል?"

ከይሪያ እርጥቡ ወለል ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ እንባዋ መጣ። ሙባረክ ግን ሐሳቡ ሥራው ላይ ነበር። ሲፎኑን ከውስጥ እንድትፈትገው፣ ጎማው ተገልብጧልና እንድታስተካክለው፣ በመፍቻ ሳይሆን በእጇ ብቻ እንድታጠብቀው፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየጎተተ ነገራት። ሲያልቅ ከሥሩ ደረቅ ሶፍት አስነጠፋት። ውሃ ለቀቁበት፤ ሶፍቱ ላይ ጠብ ያለ ነገር የለም።

"ማሻአላህ" አለ።

ከዚያ ወዲህ ገበየሁ ኩታበር ዘመዶቹ ዘንድ ሄዶ ከወር በላይ ከርሞ ተመለሰ። ቤቱን ሲከፍት መታጠቢያ ቤቱ ገምቶ ጠበቀው። ወለሉን ሊያስቆፍር እንደሆነ በአጥር በኩል ለከይሪያ ሲነግራት ሙባረክ ከውስጥ ሰማ። ከዘራውን ይዞ ወጣ። ከታመመ ወዲህ በራሱ ፈቃድ ሰው ፊት ሲቀርብ ይህ የመጀመሪያው ነው።

"ጋሽ ሙባረክ፣ እንዴት ነዎት?" አለ ገበየሁ፣ ግራ እየተጋባ።

"አልሀምዱ... ሊላህ። አት... ቆፍር።"

ሦስቱም ወደ ገበየሁ ቤት ገቡ። ሙባረክ ማስረዳት ጀመረ። ሽታውን የሚያግደው ሲፎን ውስጥ የሚቀረው ውሃ ነው፤ ቤቱ ተዘግቶ ሲከርም ይደርቃል። ከይሪያ ልትጨርስለት አፏን ስትከፍት በግራ እጁ ከለከላት። ገበየሁም ሳይቸኩል አንገቱን ደፍቶ ጠበቀው፤ እስከ መጨረሻው ቃል። ከዚያ ከይሪያ በመታጠቢያውም በወለሉ ፍሳሽም ውሃ ደፋችና መስኮቱን ከፈተች። ሽታው በማግሥቱ ጠፍቶ ነበር።

ዛሬ ቧንቧ ሲበላሽ ሰፈሩ የሚጠራው ሁለቱን ነው። እሷ ከመታጠቢያ ሥር ትገባለች፣ እሱ ዱካ ተስቦለት ይቀመጣል፤ ሥራው እስኪያልቅ ሲጨቃጨቁ ይሰማሉ። ንግግሩ እንደ ድሮው አልሆነም፤ ግን ማንም ፊት ቢሆን ማውራቱን አያቆምም።

በቅርቡ ኮምቦልቻ ወርደው የልጃቸውን የረውዳን ቤት ፍሳሽ ሠርተው ሲመለሱ፣ ሙባረክ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቡ ለተቀመጠ የማያውቀው ሰው ውሃ እንዲወርድ የወለል ተዳፋት እንዴት እንደሚሠራ እያስረዳ የሃረጎን ዳገት ወጡ። ከይሪያ በወዲያ በኩል፣ በዛለው ትከሻው ላይ ተደግፋ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። ሰውየው "እንዳይቀሰቅሷት" ብሎ ሲሰጋ፣ ሙባረክ ድምፁን ዝቅ አደረገና ወሬውን ቀጠለ።