በሰሐን የመጣች ሸክላ

አሁንስ ጉልበቴም ደከመ። ከኦክላንድ ሳን ሆዜ በባቡርና በአውቶቡስ እየተመላለስኩ፣ እሁድ ገበያ ላይ አሮጌ የሙዚቃ ሸክላ ሳገላብጥ ሦስት ዓመት ሞላኝ። የምፈልገው አንድ ብቻ ነበር። ቤቴ ውስጥ ግን ያው አንድ አልበም ዘጠኝ ሆኖ ተደርድሯል፤ ሽፋኑ ላይ ቀይ ፀሐይና ከበሮ የተሳለበት፣ ላቲን ሮክ የሚሉት የድሮ ሙዚቃ ነው። ልጄ በመጣች ቁጥር ትስቅብኛለች።

«ማሚ፣ ሁሉም እኮ ሴም ናቸው! አንዱን ኪፕ አድርጊና ሌላውን ጣይው።»

«አንድ ዓይነት ቢሆኑማ እግሬ አርፎ ነበር» እላታለሁ።

ነገሩ የጀመረው በሰሐን ነው። ሳን ሊያንድሮ ስንኖር፣ ከእኛ በታች ባለው አፓርትመንት የሜክሲኮ ዘር የሆኑ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በወጣትነታቸው ባንድ ውስጥ ከበሮ ይመቱ ነበር። የምንግባባው በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛ አንተና እርስዎን አይለይም፤ እኔ ግን በሆዴ እርስዎ ነበር የምላቸው። ረመዳን ሲገባ ሾርባና ሳምቡሳ እወስድላቸዋለሁ፤ ጎረቤት እያሸተተ ብቻዬን መብላት አልችልበትም። እሳቸውም ሰሐኔን ባዶውን መልሰው አያውቁም። ማን እንዳስተማራቸው እንጃ፤ የእኛ አገር ደንብ የእነሱም አገር ደንብ ይሆናል። አንዴ ሎሚ፣ አንዴ ጣፋጭ ዳቦ። አንድ ቀን ደግሞ ያቺን ሸክላ ሰሐኑ ላይ አጋድመው አመጡልኝ። ማጫወቻ የለኝም ብላቸው፣ «ቀን አለ» አሉኝ። ቁም ሳጥን ላይ ሰቅዬ ረሳኋት።

ከዚያ ባለቤቴ ሞተ። ለለቅሶው ከሌክ ሜሪት ሰፈር አንዲት የአገራችን ሴት ምግብ በሰሐን ይዛ መጥታ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሰሐኗን ልትወስድ ብትመጣ፣ ቤቴ ውስጥ የሚሰጥ ነገር ጠፋ። የለቅሶ ቤት ሰሐን ባዶውን ቢመለስ የሚቀየም ሰው የለም። እኔ ግን ደንዝዤ ነበርና እጄ የለመደውን አደረገ። ቁም ሳጥኑ ላይ ተንጠራርቼ ያገኘሁትን ሰሐኑ ላይ አድርጌ ሰጠኋት። እሷም ደንግጣ ይሁን አፍራ፣ ሸክላዋን ከነሰሐኑ ይዛ ሄደች።

ከወራት በኋላ ሽማግሌውን ልጃቸው ሳን ሆዜ፣ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ልታስገባቸው ሆነ። ዕቃቸው መኪና ላይ ሲጫን እጄን ያዙኝ።

«ሴኞራ፣ ያቺን ሸክላ ደህና አድርገሽ ያዢልኝ። መጀመሪያ ከታተሙት ናት። በኋላ ያሳተሟቸው ላይ የመጨረሻውን ዘፈን ጭራውን ቆርጠውታል፤ የእኔ ከበሮ ያለው እዚያ ነው። ሌላ ቦታ የለሁም። ጆሮዬ ሳይደፈን አንድ ቀን አምጫትና አብረን እንስማት።»

«እሺ» አልኩ። ምን ልበል? ቤት ገብቼ ለሴትዮዋ ደወልኩላት።

«ውይ እማማ! እሱንማ ለበጎ አድራጎት ሱቅ ዶኔት አድርጌዋለሁ» አለችኝ።

ሸክላ ሰብሳቢ የሆንኩት እንዲህ ነው። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ እንግሊዝኛውን አላነበውም። ስለዚህ ሽፋኑን እያየሁ፣ ፀሐይና ከበሮ ያለበትን ሁሉ ገዛሁ። ዘጠኙን ከገዛሁ በኋላ ነው አንድ ሻጭ ምስጢሩን ያሳየኝ። ዘፈኑ ካለቀበት እስከ መሀሉ ወረቀት ድረስ ባዶ ጥቁር ቀለበት አለ፤ እዚያ ላይ የተጫረ ምልክት ይገኛል። የመጀመሪያዎቹ ላይ የኛን ‹ለ› የምትመስል፣ ወገቧን በአግድም መስመር የታጠቀች ምልክት ተጭራለች። ከዚያ ወዲህ ሸክላውን ወደ ፀሐይ ዘንበል አድርጌ በጥፍሬ እፈልጋታለሁ። ቤት ያሉትን ዘጠኙንም ዳበስኳቸው። አንዱም የላትም።

ባለፈው እሁድ ያው ሻጭ ገና ከሩቅ አየኝ።

«ማማ፣ ዛሬም ያንኑ?»

«ያንኑ።»

«አንድ መጥቷል፣ ግን ሽፋኑ ውሃ በልቶታል። ለስብስብሽ አይሆንም።»

«እኔስ ምን ተርፎኝ? አምጣው።»

ዘንበል አደረግኩት። ወገቧን ታጥቃ ቁጭ ብላለች። ያገኘኋት ዕለት እልል የምል ይመስለኝ ነበር። አልሐምዱሊላህ አልኩና የሰውዬው የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ ሸክላዋን ሰሐን ላይ አድርጌ፣ በነጠላ ጠቅልዬ ሄድኩ። ሽማግሌው ወንበራቸው ውስጥ አንሰዋል። ሰላም ብላቸው ጆሯቸውን አሳዩኝና እጃቸውን አወናጨፉ፤ ተደፍኗል። ዘግይቻለሁ። ቢሆንም ሳልናገር ማጫወት አልሆነልኝም።

«የእርስዎ አይደለችም!» ብዬ ጮህኩ። «የእርስዎን ለሰው ሰጥቻታለሁ!»

«ምን?»

«ሰጠኋት! በሰሐን!» ኮሪደሩ ሁሉ ሰማኝ።

ሰሐኑን አዩ፣ እኔን አዩ። ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

«ታዲያ የሰው ሰሐን ባዶውን ልትመልሺ ነበር?»

አልጋቸው አጠገብ ባለው አሮጌ ማጫወቻ ላይ አደረግኳት። ትንጫጫለች፣ ግን ትሄዳለች። እሳቸው መዳፋቸውን የማጫወቻው እንጨት ላይ ጣሉ። የመጨረሻው ዘፈን ደረሰ፣ ሌሎቹ ላይ ቆርጠውታል ያሉኝ ጭራውም ቀጠለ። ከበሮው ለእኔ ሳይሰማኝ በፊት የእሳቸው ጣቶች ተነሱ። ቀድመው አውቀውታል። ሸክላዋ አልቃ መርፌው ባዶው ላይ ሲፍቅ እንኳ ጣታቸው አላቆመም፤ እኔም አላቋረጥኳቸውም።

አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ሰሐኔን አንስቼ ብድግ ስል፣ ጠርዙን ጨበጡና አልለቅም አሉ። ዞር ዞር ብለው ከምሳቸው የተረፈች ብርቱካን አገኙና አስቀመጡልኝ።

ባቡር ውስጥ ላጥኳት። ደርቃ ጭማቂ የላትም። ፍሬዋን እየተፋሁ ጨረስኳት።