ወፍ የቋጠርንበት ፈትል

ዛሬ ጧት ገና ከአልጋዬ ሳልወርድ ያ ድምፅ ከሰማይ መጣ። ከጣሪያው በላይ ከፍ ብሎ፣ አንዱ ሲጠራ ሌላው እየመለሰ፣ ውኃ ተጎንጭቶ የሚጣራ ሰው ጉሮሮ የመሰለ ጩኸት ነው። ባሕር ዳር መኖር ከጀመርሁ ብዙ ዓመት ሆነኝ፣ ነገር ግን ኅዳር ገብቶ ይህን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ከተማው ይጠፋብኝና የፎገራ ሜዳ ጭቃ በእግሬ ጣቶች መካከል ሽቅብ ሲወጣ ይሰማኛል። ልጆቼ «እማዬ፣ ወፍ እኮ ነው» ይሉኛል። ወፍ መሆኑን መቼ አጣሁት።

ያደግሁት ከወረታ ወረድ ብሎ በቁሐር ሚካኤል ነው። ያኔ በሜዳው ላይ ሩዝ የሚባል ነገር አልነበረም። ክረምት ሲገባ የርብ ወንዝ ሞልቶ ይወጣና ግጦሹንም ማሳውንም አንድ አድርጎ ይሸፍነው ነበር፣ ከብቱም ወደ ከፍታው ይነዳና እኛ ከቤታችን ጉብታ ላይ ተቀምጠን ውኃውን ስናይ እንውል ነበር። አባቴ ጉብታው ላይ ዳጉሳ ይዘራ ስለነበር፣ መስከረም አልቆ እህሉ ማሸት ሲጀምር ወፍ ጥበቃው የእኔ ሥራ ነበር። ማማ ላይ ወጥቼ፣ ወንጭፌን ይዤ፣ ድምፄ እስኪዘጋ ስጮህ እውል ነበር። አባቴ ግን ዝም ብሎ መወርወር አይወድም ነበርና «እህል የሚበላውንና የማይበላውን ለዪ» ይለኝ ነበር። ሳቢሳ ትል ትለቅማለች እንጂ እህል አትነካም፣ ግሪሳ ግን አንዴ ካረፈ ለጎተራ የሚተርፍ ነገር የለም። እንዲህ እያልሁ ላባርራቸው የተቀመጥሁባቸውን ወፎች አንድ በአንድ እየለየሁ ወደድኋቸው።

የጎረቤታችን ልጅ እናኑ እኩያዬ ነበረች፤ ዓይኗ ከእኔ ይልቅ ሩቅ ያይ ነበር፣ ምላሷ ደግሞ ዓይኗ ያላየውንም ጨምሮ ያወራ ነበር። ሦስተኛችን አዳነ የአጥቢያችን ካህን የቄስ ፈንቴ ልጅ ነው። ገና በልጅነቱ ዲያቆን ስለሆነ ከዕድሜው ቀድሞ የሸመገለ፣ ነገር የሚመረምር፣ እውነቱን ለመናገር አንዳንዴ የሚያሰለች ልጅ ነበር። ሁለቱ በተገናኙ ቁጥር ይጨቃጨቁ ነበር፣ እኔም መሐል ገብቼ ስገላግል እውል ነበር።

ፈትሉን ያመጣው ይኸው ጭቅጭቃቸው ነው። ዘመነ ማርቆስ በገባ ሰሞን እናኑ ከሁላችን ይልቅ ብዙ ዓይነት ወፍ አውቃለሁ ብላ ስትኩራራ አዳነ አላምንም አለ። ከዚያም አባቱ ጸሎታቸውን በመቁጠሪያ እንደሚቆጥሩ ትዝ ብሎት፣ የዓመቱን ወፍ በክር እንቋጥር የሚል ሐሳብ አመጣ። እኔ ከእናቴ እንዝርት አንድ ክንድ የሚያህል ፈትል ለምኜ አመጣሁ። ለአንድ ዓይነት ወፍ አንድ ቋጠሮ ሆነ፤ ጳጉሜን ሲያልቅ ፈትሉ ያበቃና ለአዲሱ ዘመን አዲስ ፈትል ይጀመራል። ሕጉን ያወጣው አዳነ ነው፤ ሦስታችንም በዓይናችን ያላየነው ወፍ አይቋጠርም። ጉጉት ማታ ማታ ከዋርካው ላይ ስትጮህ ሁላችንም እንሰማት ነበር፣ ነገር ግን የእናኑ እናት በጨለማ ከቤት አላስወጣ ስላሏት ጉጉት ያን ዓመት ሳትቋጠር ቀረች። እናኑ በዚህ ነገር ለረዥም ጊዜ ቂም ይዛ ነበር።

ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ የእኛ ነበር። ውኃው እየሸሸ ሲሄድ በተወው እርጥበት ላይ ሽምብራና ጓያ ይበቅላል፣ ሜዳው መሐል ለመሐል እንደ መስታወት የሚያበሩ ኩሬዎች ይቀራሉ፣ ያን ጊዜ እነዚያ ግራጫ፣ ረጃጅም እግር ያላቸው ወፎች ሰማዩን ሞልተው ይመጡ ነበር። ስማቸውን የሚነግረን ስላጣን «እንግዶቹ» አልናቸው። ሥራ በማይሠራበት በዓል፣ ቅዳሴ ወጥተን፣ ቆሏችንን በመቀነታችን ቋጥረን እንሄድ ነበር፤ አንዳንዴ እስከ ርብ ዳር፣ አንዳንዴም ደንገሉ እስከሚጀምርበት እስከ ጣና ጠርዝ ድረስ። ሽመላ፣ ይብራ፣ ጭልፊት፣ ውኃ ላይ ተንጠልጥላ ዓሣ የምትጠብቅ ትንሽ ወፍ፣ ምንቃሯ እንደ ማንኪያ የሰፋ ነጭ ወፍ፣ ሁሉም በየተራ ይቋጠሩ ነበር። ከወፎቹ ይልቅ የሚያስገርመን ግን ከየት እንደሚመጡ ነበር። አባቴን ብንጠይቀው ከሚበርድበት አገር ነው አለን፣ ቄስ ፈንቴ ደግሞ ከኢየሩሳሌምም አልፎ ካለ አገር ይሆናል አሉን። እናኑ ክረምቱን እዚያው ደመና ላይ ነው የሚያሳልፉት ብላ ስትከራከር፣ አዳነ ታዲያ እንቁላላቸውን የት ያስቀምጡታል ብሎ አፏን አስያዛት።

በዚያው ዓመት አንድ ነገር አጣላን። መስከረም ላይ ከዳጉሳው ጫፍ እንደ ፍም የቀላ፣ ሆዱ የጠቆረ ትንሽ ወፍ አይተን ቋጥረን ነበር፤ ታኅሣሥ ላይ ደግሞ በአጨዳው ቃርሚያ ላይ በመንጋ የሚለቅም አቧራ የመሰለ ወፍ አይተን እሱንም ቋጠርን። አባቴ ፈትሉን አይቶ ስንነግረው ሳቀ። «እነዚህ እኮ አንድ ናቸው» አለን፣ «ክረምት ሲያልቅ የሠርግ ልብሱን ያወልቃል።» አላመንነውም፤ ነገር ግን አዳነ ቀኑን ሙሉ መንጋውን ሲመረምር ውሎ ገና ግማሽ ጎኑ ቀይ የሆነ አንድ ወፍ አገኘ። በሉ አንዱ ቋጠሮ ይፈታ አለ። ቀጭን የጥጥ ፈትል ቋጠሮው አንዴ ከጠበቀ በቀላሉ አይላቀቅም፣ በጥርስም በእሾህም ስንታገለው እናኑ አለቀሰች። «ያየነውን ከየት አምጥተህ ነው የምታጠፋው?» አለችው። አዳነ ግን ፈታው፣ እሷም ከዚያ በኋላ ለሁለት በዓል አብራን አልወጣችም።

ያስታረቁን ቄስ ፈንቴ ናቸው። ፈትላችንን በጣታቸው እያስኬዱ ሲያዳምጡን ቆዩና፣ እርሳቸው ዲያቆን ሳሉ ለክብረ በዓል ወደ ጣራ ገዳም ሲሄዱ ከርብ ማዶ በዚህ ፈትል ላይ ያልተቋጠረ ዓይነት ወፍ ማየታቸውን ነገሩን። ሁለት ነበሩ፣ ከእንግዶቹም ይረዝማሉ፣ አንገታቸው ነጭ ነው፣ ከአገጫቸው ሥርም ፍየል ጉሮሮዋ ላይ እንደሚንጠለጠልላት ያለ ጉትቻ ተንጠልጥሏል። «ከዚያ ወዲህ አላየሁም» አሉን፣ «ምናልባት ሳላጣራ አልፌያቸው ይሆናል።» ከዚያች ቀን ጀምሮ ባለ ጉትቻውን ሳናስብ ወደ ሜዳው የወጣንበት ቀን የለም፤ ዘመነ ማርቆስ ግን ሳናየው አለቀ።

በዘመነ ሉቃስ ኅዳር ላይ የእናኑ ሠርግ ለጥር መቆረጡን ሰማን። ገና እንደ እኔው ልጅ ነበረች። የታጨችበት ቤት ጣራ ገዳም ሥር ነበር፣ ለእኛ ከዓለም ጫፍ የማይተናነስ። ያኔ የየቤቱ ወግ ስለሆነ ማንም አልገረመውም፣ እኔ ግን አባቷን ሳይ ሰላም ማለት እስኪያቅተኝ ተናድጄ ነበር፣ ንዴቱም ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልወጣልኝም። እናኑ ስለ ሠርጉ አንድም ቃል አልተናገረችም። ጓሯቸው ድረስ ሄጄ ሳገኛት ቀና ብላ አየችኝና «ባለ ጉትቻውን ሦስታችን ሳናየው መሄዴ ነው» አለች። ሌላው ሁሉ በእሷ እጅ አልነበረም፣ ይቺ አንዷ ግን ልትሆንላት ትችል ነበር።

ታኅሣሥን በሙሉ ፈለግነው። እናቷ ቤት ያስቀምጧት ጀምረው ስለነበር፣ በየበዓሉ እኔ እየሄድሁ እለምንላት ነበር፣ አዳነም ለዲያቆን የማይገባ ሰበብ ይፈጥርላት ነበር። በታኅሣሥ ገብርኤል ደንገሉ ጠርዝ ድረስ ሄድን፤ እንግዶቹን በመንጋ አየን፣ ዘውድ ያላቸውን ወፎች ሲጨፍሩ አየን፣ ሁለት አዲስ ቋጠሮም አገኘን። እሷ ግን ሲጨፍሩ እንኳ አላየቻቸውም፤ ዓይኗ ከእነሱ ወዲያ ነበር። መሽቶ ስንመለስ ሦስታችንንም በየቤታችን ተቆጡን፣ ከዚያ በኋላ እናኑ ከግቢያቸው አልወጣችም።

በጥር ሠርጉ ሆነ። የሙሽራው ወገኖች መጥተው በልተው ጠጥተው፣ እናኑን በነጭ ኩታ ከራስ እስከ እግሯ ሸፍነው በበቅሎ ላይ አስቀመጧት፣ አንደኛው ሚዜም ከኋላዋ ተፈናጦ ያዛት። ኩታው ከባሏ ቤት ደጃፍ ሳትደርስ አይገለጥም ነበር፣ ሙሽራም በመንገድ ላይ ለማንም አትናገርም ነበር። እኔና አዳነ ከሸኚዎቹ ጋር እስከ ርብ መሻገሪያ ድረስ ተከተልን። ፊቷን ሳላይ መሸኘቴ ስለከበደኝ መሬት መሬቱን እያየሁ እሄድ ነበርና፣ ወንዙ ሲቀርብ አዳነ ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ። ከመንገዱ በስተቀኝ፣ ረግረጉ ሣር መሐል፣ ሁለት ረጃጅም ወፎች ቀስ እያሉ ይራመዱ ነበር። አንገታቸው ነጭ ነበር። አንደኛው ራሱን ሲያነሣ ከአገጩ ሥር ቀያዮቹ ጉትቻዎች ተወዛወዙ።

ሰዉ ሁሉ እያጨበጨበ ስለነበር ልብ ያለ የለም። ሮጬ ከበቅሎዋ ጎን ደረስሁና የኩታውን ጫፍ የማስተካክል መስዬ «እናኑ፣ በቀኝሽ ባለ ጉትቻው» አልሁ። ሚዜው «ተይ ልጄ፣ ሙሽራ አታናግሪ» አለኝ። በቅሎዋ ከውኃው አፋፍ ደርሳ ነበር። ኩታው ጣት በሚያህል ነገር ሲንቀሳቀስ አየሁ፣ ከሥሩም ቀጭን ድምፅ «አየሁት» አለ። ከዚያ በቅሎዋ ውኃው ውስጥ ገባች።

አዳነ ፈትሉን ከደረቱ አውጥቶ ጠበቀኝ። «እውነት አይታለች?» አለኝ። አየሁት ብላለች አልሁት። ለጉጉት እንኳ ያላዘነው አዳነ ፈትሉን ይዞ የወንዙን ማዶ ሲያይ ቆየ፣ ከዚያም ሁለት ጊዜ እየደጋገመ አጥብቆ ቋጠረው።

እናኑ ለመልስ ስትመጣ ድንኳኑ ውስጥ ከባሏ ጎን አንገቷን ደፍታ ተቀምጣ ነበር፣ ዘመድ ከቧት ለብቻዋ ላገኛት አልቻልሁም። ወጥ የማቀርብ መስዬ ጎንበስ ብዬ ፈትሉን በእጇ አስያዝኋት። በአውራ ጣቷ ቋጠሮዎቹን እየዳሰሰች እስከ መጨረሻው ሄደችና ቀና ብላ አየችኝ፣ ከንፈሯም ተንቀሳቀሰ፤ ነገር ግን ሚዜው አጠገቧ ነበርና ምንም ሳትል ፈትሉን ቀሚሷ ውስጥ ከተተችው። እኔ ኀዘን መስሎኝ ለብዙ ቀን አለቀስሁ። በተከታዩ ክረምት አጎቴ ሊያስተምረኝ ባሕር ዳር ወሰደኝ፣ የሚቀጥለውን ፈትል ማንም አልጀመረውም።

ከዚያ በኋላ ከእናኑ ጋር ስንገናኝ በለቅሶና በክብረ በዓል፣ ሁልጊዜም በሰው መሐል ነበር። ልጆች ወለደች፣ አሳደገች፣ ባሏን ቀበረች። አዳነ በአባቱ እግር ተተክቶ ቀድሶ ቀድሶ ካረፈ ጥቂት ዓመት ሆነው። በተዝካሩ ቀን ሁለት አሮጊቶች ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ጥላ ሥር ጎን ለጎን ተቀምጠን ነበር፣ እኔም ስንት ዓመት ሙሉ አፌ ላይ የነበረውን ጠየቅኋት።

«እውነቱን ንገሪኝ እስቲ፣ ያን ቀን አይተሽው ነበር?»

አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። «የበቅሎዋን ጆሮ ነው ያየሁት» አለች። «አላየሁም ብል አዳነ መች ይቋጥረው ነበር?» ፈትሉስ ብላት የመጀመሪያ ልጇ የጫጩት እግር አስሮበት መጥፋቱን ነገረችኝ፣ ሁለታችንም እንባ እስኪወጣን ሳቅን። ከዚያ ሳቋ ቆመ።

«ያየኋቸውስ ለመልስ ስመጣ ነው» አለችኝ። «ኩታው ከዓይኔ ገለል ብሎ ነበር። እዚያችው ሣር ላይ፣ ሁለቱም ቆመዋል። ሙሽራ ነኝ፣ አልናገር። ባሌን ገና አላውቀው። ለማን ልበል?»

አሁን ከወረታ እስከ ርብ ድረስ ሩዝ ነው፣ ሜዳውም ከያኔው ይልቅ ብዙ ሰው ያበላል፣ ይህን አልክድም። ባለ ጉትቻው ግን ታየ ሲባል አልሰማሁም። እንግዶቹ ግን አሁንም ኅዳርን ጠብቀው ይመጣሉ፣ ከየት እንደሚመጡም የልጅ ልጆቼ ከስልካቸው ላይ አይተው በአንድ አፍታ ይነግሩኛል፤ እኛ ዓመታት የተከራከርንበትን። እናኑ ያለችበት ከፍታ ላይ ግን አያልፉም፣ ጉልበቷም ወደ ሜዳው አያወርዳትም። እሷም አሁን ስልክ አላት። ዛሬ ጧት ድምፃቸው ሳይርቅ በረንዳ ላይ ወጥቼ ደወልሁላትና እንግዶቹ መጡ፣ አየሻቸው ወይ አልኋት።

«አላየኋቸውም» አለችኝ፣ «በይ ንገሪኝ፣ በየት በኩል ናቸው?»

ከዓይኔ እስኪጠፉ ድረስ ነገርኋት።