የባውሮ መቶ ዐርባ ደብዳቤዎች

ታቢሪያ በታራዋ ደሴት፣ በባይሪኪ ዓሣ ሀብት መሥሪያ ቤት፣ በመዝገብ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት አገልግላለች። ልጇ ባውሮ በባዕድ መርከብ ተቀጥሮ ሲሄድ ቤቷ ኢንተርኔት ስላልነበራት የሚጽፍላት በመሥሪያ ቤቷ ኢሜይል ነበር። አንድ ጊዜ፣ «እማ፣ ዛሬ በረዶ ከሰማይ ሲወርድ አየሁ። የማቀዝቀዣችንን በረዶ ይመስላል፤ የጎደለው ዓሣው ብቻ ነው» ብሏት ለባልደረቦቿ እየሳቀች አነበበችላቸው። በአራተኛው ዓመት ታሞ በሩቅ ወደብ ሞተ፤ እዚያው ቀበሩት። መቃብሩን አላየችም። የቀሯት በዚያ ኢሜይል ያሉት መቶ ዐርባ ደብዳቤዎች ነበሩ።

ከዓመት በኋላ ከባሕር ማዶ እንግዶች መጥተው በአዳራሹ ንግግር አደረጉ። ያስቀመጥነው ኢሜይል ሁሉ በሩቅ አገር ትልልቅ መሣሪያዎች ውስጥ እንደሚቀመጥ፣ እነሱም ሌት ተቀን ኤሌክትሪክ እንደሚበሉ፣ ለኤሌክትሪኩ የሚቃጠለው ነዳጅ ጢስም ምድርን አሙቆ የባሕሩን ውሃ ከፍ እንደሚያደርግ አስረዱ። አሮጌውን አጥፉ፣ በወረቀትም አታትሙ አሉ። የታራዋ ሰው ስለ ባሕር መነሣት አስረጂ አይሻም፤ የታቢሪያን ጓሮ ጨው ውሃ ገብቶበት ፍሬው ለምግብ የሚሆነው የዳቦ ዛፏ ደርቋል። ቢሆንም ሁሉም በጨዋነት አዳመጠ።

ኃላፊው ቴካይ የአጎቷ ልጅ ነው። እንግዶቹን ደስ ሊያሰኝ ተነሣና ወደ እሷ ዞረ።

«እህቴ ታቢሪያ፣ የሁላችን ታላቅ አንቺ ነሽ። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት እለምንሻለሁ፤ የኢሜይል ሣጥንሽን ባዶ አድርጊልን። ሌላው ይከተልሻል።»

እንዲህ ያለው ልመና በእኛ ዘንድ ቡቡሲ ይባላል። እምቢ ማለት ለቤተ ዘመድ ሁሉ ውርደት ነው፤ «ይህችን ብቻ ተውልኝ» ማለትም ያው እምቢታ ነው። ታቢሪያ «እሺ» አለች። አጠገቧ የተቀመጠው የመሥሪያ ቤቱ ሾፌር፣ የዛሬ ዐሥር ዓመቱን የልደት ጥሪም ማጥፋት እንዳትረሺ፣ ኬኩ አልቋል ብሎ አሳቃት። እንግዶቹም እንደሳቀች ፎቶ አነሷት።

ከሰዓት በኋላ ከባውሮ ደብዳቤዎች ሦስቱን አነበበች። አራተኛውን ብታነብ እጇ ለማጥፋት እንደማይታዘዝላት ስላወቀች ሁሉንም አጠፋች። ቃሏ ቃል ነውና መጣያውንም ባዶ አደረገች።

በሳምንቱ ከእንግዶቹ የምስጋና ኢሜይል መጣ። ዐሥራ ስምንት ፎቶግራፍና አንድ ቪዲዮ ተሸክሞ ለሠራተኛው ሁሉ ስለተላከ የመሥሪያ ቤቱ የኢንተርኔት መስመር እስከ እኩለ ቀን ቆመ። ኢሜይሉ በመጨረሻ ሲከፈት ታቢሪያ በፎቶው ላይ እየሳቀች ታየች። ቴካይ እንኳን ደስ አለሽ ሊላት መጣና፣ እግረ መንገዱን፣ የባውሮ ደብዳቤዎች ቤትሽ ናቸው አይደል ብሎ ጠየቃት።

«እዚሁ ነበሩ» አለችው።

ቴካይ ፊቱ ጠቆረ። ወዲያው ለኮምፒውተር ባለሙያው ደወለ፤ ከመጣያው ከወጣ አይመለስም አለው። ስልኩን ዘግቶ ጠየቃት።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«በሰው ፊት ለመንኸኝ። ምን ልበልህ ኖሯል?» አለችው። ከዚያ ወደ ኮምፒውተሯ ዞራ፣ «ይኸኛው ኢሜይልስ፣ ይቀመጥ ወይስ ይጥፋ?» ብላ ጠየቀችው።

መልሱን እየጠበቀች በፎቶው ላይ ያለውን የራሷን የሳቅ ፊት ስታይ ቆየች።