በር ላይ የተሰቀሉ እጆች

ወሎዬዋ ሙኒያ ካርቱም፣ ሪያድ ሰፈር በሚገኝ የውበት ሳሎን ለሙሽሮች ሂና ትስላለች። አንድ ቀን ደስ ያላትን ሐረግ በራሷ እጆች ላይ ሳለችው። አገሯ ልጃገረዱ ሁሉ እንሶስላ ይሞቃል፤ ማን ይቆጣል? ካርቱም ላይ ግን ሂና የባለትዳር ነው።

የሳሎኑ ባለቤት ሲት ሱዓድ ጮኸችባት፦ «ያ ቢት፣ አንቺ ልጅ፣ ባል አለሽ እንዴ? ደንበኞቼ ምን ይላሉ?» ሂና ደግሞ ታጥቦ አይለቅም። ጓንት አስጠለቀቻት። ከማስጠለቋ በፊት ግን፣ ሐረጉ ዓይኗን ስቦት ኖሮ፣ የሙኒያን እጆች ፎቶ አነሳቻቸው።

በሳምንቱ እነዚያው እጆች በትልቁ ታትመው በሩ ላይ ተሰቀሉ። ሙሽሮቹ እያዩ ይገባሉ፤ «በር ላይ እንዳለው ሳይልኝ» ይሏታል።

አንዷ ጓንቱን አይታ «እጅሽን ምን ነካው?» ብላ ጠየቀቻት።

ሙኒያ ቀና ሳትል መለሰች፦

«ባል አላገኘም።»