እትዬ ምሳ ፓርኩን ያየችበት ቀን

በሎጁ ወጥ ቤት እንግዶች ፓርኩ ውስጥ ምን አይተው እንደተመለሱ ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አያስፈልግም። ምሳ ዕቃቸውን መክፈት ይበቃል። አንበሳ ያየ ሰው ምሳውን ይረሳል፤ እንቁላሉ እንዳለ፣ የዶሮው ቅልጥም እንደተጠቀለለ ይመለሳል። ምንም ያላየ ሰው ግን በሆዱ ይጽናናል፤ ሙዙን ከነልጣጩ ሊበላው ትንሽ ነው የሚቀረው። ይህን ሕግ ያወጣችው ምሳውን የምትቋጥረው ሴት ናት። የእናት የአባት ስሟ ከተረሳ ቆይቷል፤ ከሥራ አስኪያጁ እስከ ዘበኛው «እትዬ ምሳ» ነው የሚላት።

ጉዱ ታዲያ፣ እትዬ ምሳ ፀጉሯ እስኪሸብት የሰውን ጉብኝት በምሳ ዕቃ ስትከታተል ኖረች እንጂ፣ እሷ ራሷ ከፓርኩ በር ወዲያ አልፋ አታውቅም። ጎህ ሲቀድ ምሳ ትቋጥራለች፤ መኪኖቹ ሲወጡ በመስኮት ታያለች፤ ከዚያ ቁርሱ፣ ከዚያ ድስቱ፣ ከዚያ የወገብ ሕመሙ። ባሏ ደግሞ ከነዚያ መኪኖች የአንዱ ሹፌርና አስጎብኚ ነው። ጠዋት ከአጠገቧ ተነስቶ ወደ ዝሆኖቹ ይሄዳል፤ ማታ አቧራ ለብሶ ይመለሳል።

«እንዴት ዋልክ?»

«ደህና።»

«ምን አያችሁ?»

«እንደ ወትሮው።»

በቃ። ከዚህ በኋላ ከእሱ አፍ ቃል ለማውጣት መሞከር ከድንጋይ ውሃ መጭመቅ ነው። ምሳ ዕቃው እንኳ ወሬ የለውም፤ አንበሳ አየም አላየም ሁሌ ባዶውን ነው የሚመጣው። እትዬ ምሳም ዝም ያለ ባል ከሚጮህ ባል ይሻላል ብላ ተቀብላው ኖራለች።

ሰሞኑን ግን እቤታቸው ወሬ ገብቷል። የሎጁ ድርጅት ከተማ ያለውን ጋራዥ እንዲመራለት ባሏን ጠይቆታል። ከተማ ልጃቸው አለች። ከተማ ቤትም አላቸው፤ ሌላ ሰው ተከራይቶ የሚኖርበት፣ ላም አለኝ በሰማይ የሚባል ዓይነት ቤት። እትዬ ምሳ ነገሩን ከሰማች ጀምሮ በሐሳቧ መጋረጃ እየሰቀለች ነው። ለሳሎኑ አረንጓዴ፣ ለመኝታ ቤቱ ነጭ። እሱ ግን እሺም እምቢም አላለም። መልስ የሚሰጡበት ቀን ሲቃረብ፣ በዋዜማው፣ ጫማውን እያወለቀ እንዲህ አላት፤

«ነገ መኪናዬ ላይ አንድ ወንበር ባዶ ነው። ነይ።»

«እኔ? ምን ላደርግ?»

«አንድ ቀን እይው። ማታ አንቺ ያልሽው ይሆናል።»

«ጋራዥ ካልኩስ?»

«ጋራዥ ነዋ።»

ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ይባላል፤ የእትዬ ምሳ ልብ ግን ሳታይ ፈርዶ ጨርሷል። ቢሆንም የገዛ ምሳዋን ከእንግዶቹ ጋር ቋጥራ፣ የክት ሻሽዋን አስራ፣ የኋላው ወንበር ላይ ወጣች። ከፊቷ ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ተቀምጠዋል። ከእነሱ ጎን ክንድ የሚያህል ካሜራ ያነገተ ፎቶ አንሺ አለ።

«ጋሼ፣» አለ ፎቶ አንሺው በሩ ሳይዘጋ፣ «እኔ የመጣሁት ለአንበሳ ነው። ሌላውን ሌላ ጊዜ አየዋለሁ።»

«አንበሳ ቀጠሮ አያከብርም፣» አለ ባሏ ሞተሩን እያስነሳ። «እኛ ግን እናከብራለን።»

እትዬ ምሳ ከኋላ ቀና አለች። የቀለደው የእሷ ባል ነው ወይስ ሌላ ሹፌር ነው የተሳፈረው? በመስታወቱ አየችው። እሱ ነው፤ ጺሙም ያው፣ ኮፍያውም ያው።

ፀሐይ ሣሩን ቢጫ እያደረገች ስትወጣ እሱም ወሬውን ጀመረ፤ ጀመረና አልቆመም። የሜዳ አህዮች ለምን አንዱ ጭንቅላቱን ሌላው ጀርባ ላይ አስደግፎ እንደሚቆም ነገራቸው፤ አንዱ ፊት ሲያይ ሌላው ኋላ ለማየት ነው። ከርከሮ ጭራዋን ቀጥ አድርጋ የምትሮጠው ልጆቿ በረጅሙ ሣር ውስጥ እንዳይጠፏት ነው አለ። መንገዱ መሐል ላይ እበት የምታንከባልል ጢንዚዛ ሲያይ ደግሞ መኪናውን ቀጥ አድርጎ አቆመላት።

«የት እንደምትሄድ ታውቃለች?» አሉ አዛውንቱ።

«ከእኛ ይልቅ እሷ ናት የምታውቀው። ትለፍ።»

ፎቶ አንሺው በረጅሙ ተነፈሰ። ጥቂት እንደሄዱ ሚዳቋዎች አገኙ።

«ተመልከቱ፣» አለ ሹፌሩ፣ «ሁሉም ቀና ብለው ወደ አንድ ወገን ካዩ፣ እዚያ ወገን አንድ ነገር አለ። እንዲህ አጎንብሰው ሲግጡ ግን አገር ሰላም ነው።»

«ታዲያ ዛሬ ምን ነክቷቸው ነው አገር ሰላም የሆነባቸው?» አለ ፎቶ አንሺው።

ሁሉም ሳቁ፤ እሱም ጭምር። ቀጥሎ አንድ ቀጭኔ ውሃ ሊጠጣ የፊት እግሮቹን ሲያንፈራጥጥ፣ ሲሰበስብ፣ ደግሞ ሲያንፈራጥጥ ቆመው አዩት። «ቁመት ሁሉ በረከት አይደለም» አለ ባሏ፤ አዛውንቷም ረጅሙን ባላቸውን በክርናቸው ጎሸም አደረጓቸው። ከዚያ ወደ ኋላ ዞረው እትዬ ምሳን ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቋት።

«ባልሽ ነው አሉ?»

«አዎ፣ እመቤት።»

«ታድለሽ። ማታ ማታ እንዲህ ያጫውትሻላ።»

«አዎ» አለች። መዋሸቷ ሳይሆን እውነት አለመሆኑ ከነከናት። ለሚዳቋ ይህን ሁሉ ቃል ያለው ሰው፣ ለእኔ «እንደ ወትሮው»? ተናደደች። ጋራዥ ይግባ፤ ለጎማው ያውራ።

እኩለ ቀን ላይ አንድ ትልቅ ዛፍ ጥላ ሥር አቁሞ ምሳ ዕቃዎቹን አደለ። እንግዶቹ ረሃባቸውን እንጂ አንበሳ አላዩምና እጃቸውን ሳይሰስቱ በሉ። ሹፌሩም ቶሎ ቶሎ ጎርሶ ጨረሰ። እትዬ ምሳ ግን አኩርፋ ስለነበር የእሷን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ቆየች። ልትከፍተው ክዳኑን ስትይዝ ባሏ እጁን አነሳ።

«አሁን ማንም እንዳይንቀሳቀስ።»

ከቁጥቋጦው መጀመሪያ የቅርንጫፍ መሰባበር ተሰማ፤ ከዚያ ዝሆኖቹ ወጡ። ከፊት የምትመራው አንድ ጥርሷ የተሰበረ ትልቅ ሴት ነበረች። መኪናውን ስታይ ጆሮዎቿን ዘርግታ መንገዱ ላይ ቆመች፤ ከኋላዋ አንዲት ግልገል በእግሮቿ መሐል አጮልቃ ታያለች። ዝሆኗ አንድ እርምጃ ቀረበች፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ቀረበች። አዛውንቷ ሳያዩ የእትዬ ምሳን እጅ ጭምቅ አድርገው ያዙ።

ባሏ መሪው ላይ እጆቹን ዘርግቶ ቁጭ ብሏል። እቤት ጠረጴዛ ሲደበድቡ፣ ቁልፍ ሲያገላብጡ የሚያመሹት እጆች ጸጥ ብለዋል።

«አይዞሽ፣» አላት ዝሆኗን፣ ልጅ በሚያባብሉበት ድምፅ። «አልቸኮልንም። መንገዱ ያንቺ ነው። ልጅሽን ይዘሽ እለፊ፣ እመቤቴ።»

ዝሆኗ ቆየች። ከዚያ ጆሮዎቿን ከተተች። ግልገሏ የራሷን ኩምቢ እየረገጠች፣ እየተደናቀፈች ተሻገረች፤ መንጋው ተከተላት፤ መሪዋ መጨረሻ ላይ አንዴ ዞር ብላ አይታቸው ገባች።

«ይቺን መሪያቸውን ግልገል ሆና ነው የማውቃት፣» አለ ባሏ። «እኔም ያኔ አዲስ ሹፌር ነበርኩ። ሁለታችንም እንፈራ ነበር።»

«አሁንስ?» አለ ፎቶ አንሺው። ድምፁ ለስልሷል።

«አሁን የምፈራው እኔ ብቻ ነኝ።»

እትዬ ምሳ ከኋላ ሆና የባሏን ማጅራት እያየች ቁጣዋ ወዴት እንደሄደ አጣችው። ሰውዬው ዝምተኛ አልነበረም። ያለውን ሁሉ እዚህ ሲያካፍል ውሎ ነው ማታ እንደ ምሳ ዕቃው ባዶውን የሚመጣው። ጋራዥ ውስጥ፣ በጎማና በቅባት መሐል ሲንጎራደድ ታያት፤ ደነገጠች። ያለ ዝሆኖቹ ለእሷም የሚተርፍ ነገር አይኖረውም። እንደ አዲስ ሙሽራ ወደደችው፤ በዚህ ዕድሜዋ አፈረችም። ከሰዓት በኋላ ጉማሬ አዩ፣ ጎሽ አዩ፤ አንበሳ አላዩም። እሷ የምታየው ሌላ ነበር።

ሲመለሱ ሥራ አስኪያጁ በር ላይ ቆሞ ጠበቃቸው።

«ጋሼ፣ ምን ወሰናችሁ?»

ባሏ ኮፍያውን አውልቆ ወደ እሷ ዞረ። እትዬ ምሳ በሐሳቧ አረንጓዴውንም ነጩንም መጋረጃ አወረደች። አላዘነችም አይባልም፤ አዝናለች፤ ልጇም በዓይኗ ሄዳለች።

«ጋራዡን ፍታ እሰር የሚወድ ሰው ፈልጉለት፣» አለች። «የእኔ ሰውዬ ከዚህ አይሄድም።»

ባሏ ኮፍያውን እጁ ላይ አንዴ አዞረና መልሶ ደፋው።

ወጥ ቤት ስትገባ ዕቃ አጣቢዋ ወዳጇ ምሳ ዕቃዎቹን መክፈት ጀምራለች። «ባዶ። ይሄም ባዶ። ይሄማ ተልሷል። ውይ ምስኪኖች፣ ምንም ሳያዩ ውለዋል።» የሹፌሩንም ከፈተች፤ እንደ ወትሮው ባዶ። መጨረሻ ላይ ያለውን ስታነሳው ግን ከበዳት። ክዳኑን ገልጣ ወደ ውስጥ አየች፤ ከዚያ ወደ እትዬ ምሳ።

«ይሄ አልተነካም። የማን ነው?»

«የእኔ ነው።»

«አንበሳ አያችሁ እንዴ?»

«አላየንም።»

«ታዲያ ምን አይተሽ ነው?»

እትዬ ምሳ ወደ በሩ ዞረች። ባሏ እጁን ታጥቦ በሩ ላይ ቆሟል። ምሳ ዕቃውን ተቀብላ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፤ ገፋ ብላ ቦታ ለቀቀችለት፤ የቀዘቀዘውን እንቁላል ልጣ ለሁለት ከፈለችው። ድርሻዋን እየጎረሰች የእሱን ዘረጋችለት።

«በል እንግዲህ፣» አለችው። «ከጢንዚዛዋ ጀምርልኝ።»